ከክፉው መሬት አንድ እፍኝ

ሥራዬን ያቆምኩት በዓይኔ ምክንያት ነው። ሐኪሙ "ሞራ ነው፤ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው፤ አይደንግጡ" አለኝ። አልደነገጥኩም። ነገር ግን የእኔ እንጀራ ከዓይኔ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ ጎጃም በረንዳ፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ቢጫን ከብርቱካናማ፣ አረንጓዴን ከቢጫ ስለይ ኖሬአለሁ። የገበሬ አፈር በጨርቅ ተቋጥሮ ይመጣልኛል፤ እኔ መድኃኒት ጠብ አድርጌበት መሬቱ ኮምጥጦ እንደሆነ እናገራለሁ።

ልጆቼ "እማዬ፣ ጻፊው" አሉኝ። ብዙ ቃል የለኝም። የምጽፈው ለምስጋና ነው፤ አንድ ትልቅ ጥፋቴንም ሳልደብቅ።

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ አረፈ። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ ትንሿ ጡት አልጣለችም። አንድ ቀን ኪዳን አድርሼ ስወጣ የሰፈራችን ሴት "አቶ ደርበው መጋዘን ጠርሙስ የሚያጥብ ሰው ይፈልጋሉ" አለችኝ። በዚያው ሄድኩ፤ ነጠላዬን እንኳ አልቀየርኩም። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ግን አንድም ወር ቀርቶብኝ አያውቅም።

አቶ ደርበው የጎጃም ሰው ናቸው። ዘር፣ ማጭድ፣ የጸረ ተባይ መርጫና የእርሻ ኖራ ይሸጣሉ። የመርካቶ ሰው ኖራ የሚያውቀው ግድግዳ ሲቀባ ነው። እሳቸው ግን አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻቸው "መሬቱ ኮመጠጠብን፤ የዘራነው አይጸድቅም" እያሉ ሲያለቅሱባቸው፣ ኖራ የአፈርን ኮምጣጣነት እንደሚሰብር ከባለሙያ ሰምተው ማስመጣት ጀመሩ። የማን መሬት እንደኮመጠጠ፣ የማን ደግሞ በሌላ ምክንያት እንደታመመ የሚለይላቸው ሰው አስፈለጋቸው። ጋሽ ሰኢድን አገኙ።

ጋሽ ሰኢድ ዕድሜያቸውን ሙሉ በላቦራቶሪ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበሩ። ቤታቸው አንዋር መስጊድ ሰፈር ነው። ሥራ በጀመሩበት ቀን እኔ ወለሉን እየጠረግሁ ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ደርበው፣ እዚህ የምታስቀምጠኝ ኖራ ላሻሽጥልህ ከሆነ ሻዬን ጠጥቼ ልሂድ" አሉ ጋሽ ሰኢድ። "'አያስፈልግህም' ብዬ ባዶ እጁን የምሸኘው ሰው ብዙ ነው።"

"ይሸኙት ጋሼ! ዛሬ እውነት የሰማ ነገ ለማጭድ ይመጣል።"

መሣሪያችን የእህል ቁና የማታህል ሳጥን ነበረች። በውስጧ የጠብታ ጠርሙስ፣ ብልቃጥ ነጭ ዱቄት፣ ጎድጎድ ያለች ነጭ ሳህንና የቀለም ካርድ አሉ። ቁንጣሪ አፈር ሳህኗ ላይ ይደረጋል፤ ጠብታው ይንጠባጠብበታል፤ በስንጥር ይለወሳል፤ ከዚያ ነጩ ዱቄት በላዩ ይነሰነሳል። ጥቂት ሲቆይ ዱቄቱ ቀለም ይስባል። ብርቱካናማ ከሆነ መሬቱ ክፉኛ ኮምጥጧል። ቢጫ መካከለኛ ነው። አረንጓዴ ጤና ነው።

ጎረቤታችን ገመድ ሻጩ ዘበርጋ ደረጃው ሥር ተቀምጦ ያሾፍብን ነበር። "እትዬ አስካለ! መርካቶ ውስጥ ያልተነገደበት አፈር ብቻ ነበር፤ እሱንም ጀመራችሁት? ለእኔ ደግሞ አመድ ካላችሁ አንድ ኪሎ!"

ወራት ጠርሙስ ሳጥብ ቆየሁ። አንድ ጠዋት ጋሽ ሰኢድ ጠሩኝና ሳህኗን አሳዩኝ።

"ይህ ምን ቀለም ነው?"

"ቢጫ ነው ጋሼ። ግን ንጹሕ ቢጫ አይደለም። የሽምብራ ቅጠል መድረቅ ሲጀምር እንዲህ ነው።"

ካርዱን አዩ፤ እኔን አዩ። "ካርዱ ይህን አያውቅም" አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠርሙስ የሚያጥብ ሌላ ሰው ተቀጠረ።

ስላስተማሩኝ ነገር ጥቂት ልበል። መጀመሪያ ውሃ ነው። ሳህንና ማንኪያ የምናለቀልቀው መኪና ዕቃ ተራ በሚሸጠው የባትሪ ውሃ ነበር፤ ንጹሕ ነውና። ሻጮቹ ግን አንዳንድ ጊዜ የባትሪ አሲድ በነበረበት ጀሪካን ይቀዱታል። ስለዚህ ጋሽ ሰኢድ በየጠዋቱ አፈር ከመንካታቸው በፊት ውሃውን ራሱን በጠብታ ይፈትኑት ነበር። አንድ ቀን እንደ በርበሬ ቀላ። ጀሪካኑን ተሸክመው ወርደው ሻጩን "ልጄ፣ ይህን የጠጣች ባትሪ ትሞታለች" አሉት እንጂ አልጮሁበትም።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። በመንገዱ ላይ ነጋዴው ሁሉ ሰማያዊ ሸራ ይወጥራል። ከሸራው ሥር ቢጫ አረንጓዴ ይመስላል። ስለዚህ ቀለም የምናነበው ደረጃው ጫፍ ላይ፣ ሸራ በማይደርስበት በር አጠገብ፣ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። ደመና ከሆነ ገበሬው ይጠብቃል። ሎሚ የነካ እጅ ሳህን አይነካም። ካርዱም ፀሐይ እንዳያደበዝዘው በወፍራም ፖስታ ታሽጎ በኮታቸው ኪስ ይኖራል።

ሦስተኛው ይበልጣል። ሁለታችንም ቀለሙን አይተን፣ ሳንነጋገር፣ በየወረቀታችን እንጽፋለን። ከዚያ ወረቀቱ ይገለጣል። "ከተናገርኩ በኋላ አንቺ የምታይው የእኔን ቃል ነው እንጂ አፈሩን አይደለም" ይሉ ነበር። ከተለያየን እንደገና ከመጀመሪያው።

የተረፈውን አፈር ቦይ ውስጥ መጣል አይፈቅዱም። "የሰው እንጀራ ነው" ብለው በር ላይ ባለ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምሩታል። ጤና አዳም ተክለውበት ነበር። የጎጃም አፈር ሁሉ ተቀላቅሎ እዚያ ውስጥ ነበር። የመጣበትንም ጨርቅ አራግፈው፣ አጥፈው ለባለቤቱ ይመልሳሉ።

ዓርብ ዓርብ ለጁምዓ ሲሄዱ ክፍሉን ለእኔ ይተዉልኛል። በጾም ወራት እኔ እስክገድፍ ድረስ ሻይ በፊቴ አይጠጡም ነበር። "ጋሼ፣ ይጠጡ እንጂ" ብላቸው "አልጠማኝም" ይሉኛል። እሳቸው በረመዳን ሲጾሙ እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

አንድ ልማዳቸው ብቻ አልገባኝም። አፈር ይዞ የመጣውን ሰው መጀመሪያ አስቀምጠው ሻይ ያዝዙለትና ወሬ ይጀምራሉ። ቤትህ ከወንዙ በላይ ነው ከታች? ከብቶችህ የት ያድራሉ? ያባትህ ማሳ ነው? አምና ምን ዘራህ? ቋጠሮው ሳይፈታ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። እኔ ዝምታ እየተመሰገነ ያደግሁ ሴት ነኝ። ሽማግሌ ጨዋታ ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ስድስት ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ጋሽ ሰኢድ በኩላሊት ታመሙ። ልጠይቃቸው ስሄድ ካርዱን ከነፖስታው ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ።

"ዓይንሽ ከእኔ ዓይን ይበልጣል" አሉኝ። "አፍሽን ግን ክፈቺ።"

ሳቅሁ፤ ቀልድ መስሎኝ። በዚያው ሰሞን አረፉ። አላህ ነፍሳቸውን ይማር ብለው ከሚያለቅሱት ሴቶች ጋር ተቀምጬ በራሴ ጸሎት አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ብቻዬን ያዝኩ። ውሃውን እፈትናለሁ፤ ብርሃኑን እጠብቃለሁ፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለት ጊዜ እጽፋለሁ። ሻዩንና ወሬውን ተውኩት። ሰው ቶሎ ይስተናገዳል፤ አቶ ደርበውም "አስካለ ፈጣን ናት" ይሉኝ ነበር።

በዚያ ጊዜ ነው አቶ ይርጋ የመጡት። ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ፣ ከጎጃም ደጋ በጭነት መኪና ያደሩ ገበሬ። አፈሩ በታጠበ ነጭ ጨርቅ ተቋጥሯል።

"እሜቴ፣ ስንዴዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ቢጫ እየሆነ ቀረብኝ። ልጆቼ ባሕር ዛፍ እንትከልበት ይላሉ። ባሕር ዛፍ ከገባበት መሬት ደግሞ በእኔ ዕድሜ እህል አይወጣም። የአባቴ ማሳ ነው። አንቱ የሚሉኝን እሰማለሁ፤ እህል ይሁን ዛፍ?"

ቋጠሮውን ፈታሁ። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ ነበር። ስንዴ የሚነፍግ አፈር አይመስልም። ገረመኝ፤ ግን አልጠየቅሁም። ጠብታውን አደረግሁ፤ ዱቄቱን ነሰነስኩ። አረንጓዴ። ደገምኩት። አረንጓዴ።

"መሬትዎ ጤነኛ ነው" አልኳቸው። "ኖራ አያስፈልገውም። ዘሩ ይሆናል የደከመው። ጥሩ ዘርና ማዳበሪያ ይሞክሩ።"

ፊታቸው በራ። "እግዜር ይስጥልኝ! ዛፍ የሚሉኝን ልጆች አፋቸውን አሲዛቸዋለሁ" ብለው ወረዱ። ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ መግዛታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው።

በዓመቱ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከጋቢያቸው ውስጥ አንድ ከነሥሩ የተነቀለ የስንዴ ነዶ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከስንዝር አይበልጥም። ሥሩ አጥሮና ተኮማትሮ እንደ ቆረቆዘ ጣት ሆኗል። ኮምጣጣ አፈር ሥርን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጋሽ ሰኢድ አሳይተውኛል።

"አንቱ ያሉኝን አደረግሁ" አሉ። "ይህን ያመጣሁት ልከስዎ አይደለም። ችግኙን አፍልቻለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ባሕር ዛፉን እተክላለሁ። ብቻ ምኑ ላይ እንደተሳሳትኩ ይንገሩኝ ብዬ ነው።"

ያን ጊዜ ከአንድ ዓመት በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁ።

"አቶ ይርጋ፣ ያን አፈር ከየት ነበር ያነሱት?"

"ከጓሮዬ ነዋ።"

"ከስንዴው ማሳ አይደለም?"

"ኧረ እሜቴ! አመድና ፍግ ከሚደፋበት፣ ጎመን ከሚበቅልበት ነው ያነሳሁት። ምርጡን ነው ያመጣሁልዎ። ናሙና ምርጡ አይደል? ጤፍ ሲሸጡ ከጆንያው አፍ ላይ የሚያስቀምጡት ነጩን አይደል? ያን የሞተ ቀይ አፈር ቋጥሬ አዲስ አበባ ድረስ ልምጣ? ሰው ምን ይለኛል? እፍረት የለም?"

በመስኮቱ ታች፣ በጎጃም በረንዳ መጋዘኖች በር ላይ ሁሉ፣ ጆንያው አፉን ከፍቶ ከላዩ የተመረጠ እህል ተቀምጦበታል። እኔም ራሴ ስገዛ እጄን ወደ ሥር የምሰድ ሴት ነኝ። ስንት ዓመት እዚያ ላይ ተቀምጬ፣ አፈርም በዚህ ልማድ ሊመጣ እንደሚችል አላሰብኩም። አመድ ኮምጣጣውን ይሰብራል፤ የጓሮ አፈር ሁሌም አረንጓዴ ነው። ዓይኔ አልተሳሳተም። የተሳሳተው አፌ ነው።

ከብቶችህ የት ያድራሉ? አመዱን የት ትደፋለህ? የጋሽ ሰኢድ ወሬ ለካ መለኪያው ራሱ ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የእርስዎ አይደለም" አልኳቸው። "ባሕር ዛፉን አይትከሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሡኝ።"

"አምኜዎት ነበር እኮ" አሉ ቀስ ብለው።

ይህች ቃል ዛሬም ትሰማኛለች።

አቶ ደርበው ስነግራቸው "አፈሩን ያመጣው እሱ ነው፤ አንቺ ምን አጠፋሽ?" አሉኝ። የንስሐ አባቴ ግን እንዲህ አላጽናኑኝም። "አልዋሸሽም፤ እውነት ነው" አሉ። "ሰውየው ግን በሬውን አጥቷል። ሄደሽ መሬቱን እይ።" ልጆቼን ለእህቴ ትቼ፣ ሳጥኗን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ጎጃም በሚመላለሰው በአስፋው የጭነት መኪና ተሳፈርኩ። አስፋው ጉዞውን ሙሉ "እትዬ፣ ሰው ወደ ጎጃም ማር ለማምጣት ይሄዳል፤ እርስዎ ጭቃ?" እያለ አሳቀኝ።

ከአቶ ይርጋ ጋር ማሳውን ወዲያና ወዲህ ተመላለስን። ከዐሥር ቦታ፣ ማረሻ እስከሚደርስበት ጥልቀት ቆፍረን፣ በታጠበ ገበቴ አደባለቅነው። ከማሳው አንድ ጥግ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ሣር እንኳ ከማይበቅልበት ለብቻው አነሳን። ሚስታቸውና ልጆቻቸው ከበው ሲያዩ ዱቄቱን ነሰነስኩ። የማሳው ብርቱካናማ ሆነ። የአፋፉ ደግሞ ከዚያም ብሶ ወደ ቀይ ሄደ።

"ይህ የእኔ መሬት ነው?" አሉ አቶ ይርጋ።

"የእርስዎ ነው።"

"እና ይድናል?"

"በአንድ ክረምት አይድንም። ግን ይድናል።" ካርዱ ይህን አይናገርም፤ እኔ ግን ጋሽ ሰኢድ ያዩትን ሁሉ ነግረውኝ ነበርና ደፍሬ ተናገርኩ።

ስመለስ አቶ ደርበው ፊት ቆምኩ። በሥራ ዘመኔ ለራሴ ምንም ለምኛቸው አላውቅም። ያን ቀን ለአቶ ይርጋ ለመንኩ። ወደ ኖራው ክምር ዞር ብለው "አስፋው መኪናው ወደዚያ ባዶውን ነው የሚመለሰው፤ ኖራውን ጫኑለት" አሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

አቶ ይርጋ አንድ በሬ ብቻ ስለቀራቸው ከጎረቤታቸው ጋር ተቀናጁ፤ የአንዱን በሬ ከሌላው በሬ ጋር ጠምደው ተራ በተራ ማረስ ማለት ነው። ኖራውን አርሰው አፈሩ ውስጥ ቀበሩት። ያፈሉትን ችግኝ ለጎረቤት ሰጡ። የመጀመሪያው ዓመት ያን ያህል አልነበረም። በሁለተኛው አስፋው "አቶ ይርጋ 'ከጉልበቴ በላይ ነው በላት' ብለዋል" አለኝ፤ ስንዴውን ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ በሬ ገዙ። ዜናውን በሰማሁ ጊዜ ቆሜ እመቤቴን አመሰገንኩ።

እኔም ከዚያ ወዲህ አፌን ከፈትኩ። ሻይ አዝዤ፣ ሰውን አስቀምጬ "አመዱን የት ነው የምትደፉት? ይህ ምርጡ ነው ወይስ የታመመው?" እያልኩ እጠይቃለሁ። አንድ የደብረ ማርቆስ ነጋዴ "እትዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ ነው እንዴ የገባሁት?" አለኝ። ከአምስት ሰው አንዱ ቋጠሮውን ሳይፈታ ይዞ ይመለሳል፤ ከጓሮ ነበርና። ዘበርጋ "ይቺ ሴት ምላሷ ዛሬ ነው የተፈታው!" እያለ ይስቅ ነበር። ልጆቼ በዚያ ሥራ ተምረው ለወግ ለማዕረግ በቁ። ተመስገን።

ወደ መጨረሻው ትዕግሥት ተቀጠረች፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች፣ ልበ ቀና ልጅ። አፈር በውሃ ተበጥብጦ ሲነከርበት ቁጥር የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መለኪያ አቶ ደርበው ገዝተውላት ነበር። እኔን ግን አልናቀችም፤ የቀለሙን ንባብ እንዳስተምራት ለመነችኝ። በየወረቀታችን እየጻፍን እንገልጥ ነበር። አንድ ወር ላይ ሁለት ጊዜ ተለያየን። ብርሃኑ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ከዚያ አስፋው፣ አሁን እሱም ሸብቶ፣ አንድ ቋጠሮ ይዞ ደረጃውን ወጣ።

"አቶ ይርጋ የላኩት ነው" አለ። "'ከገደሉ አፋፍ፣ ከክፉው ጥግ ነው ያነሳሁት፤ ከምርጡ አንድ ፍሬ የለበትም በላት' ብለዋል።"

በሩ ላይ ቆመን፣ ጥርት ባለ ጠዋት፣ ሁለታችንም አይተን ጻፍን። ወረቀቱ ተገለጠ። እኔ "ቢጫ" ብያለሁ። ትዕግሥት "አረንጓዴ" ብላለች።

ልጅቷ ደነገጠች። "እትዬ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

"በመለኪያሽ እይው።"

ቁጥሩን ከካርዱ ጋር ብዙ ጊዜ ካስተያየችው በኋላ በቀስታ "አረንጓዴ ነው" አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ለእኔ አዝና ነው። ነጩ ዱቄት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቅቤ ቅቤ ሲመስለኝ የቆየው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔ ዓይን ሁሉም ነገር ቢጫ ሆኖ ነበር።

"ያ የገደሉ አፋፍ?" አልኳት። "ሣር የማይበቅልበት?"

"አረንጓዴ ነው እትዬ።"

ሳቅሁ። ተሳስቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። የተረፈውን አፈር ጤና አዳሙ ሥር ጨመርኩት። ካርዱን ከነፖስታው ለትዕግሥት ሰጠኋት፤ ጋሽ ሰኢድ ያሉኝንም ነገርኳት። ጨርቁን አራግፌ፣ አጥፌ ለአስፋው መለስኩለት።

"ምን ልበላቸው?" አለኝ።

"ጤና ነው በላቸው" አልኩት። "ያነበበችው ግን እኔ አይደለሁም፤ ትዕግሥት ናት በል።"